ምጣድ ለምን አይታጠብም?

ድስት ይታጠባል፣ ሳህን ይታጠባል። በአፋን ኦሮሞ «ኤሌ» የምንለው የሸክላ ምጣድ ግን አይታጠብም፣ ይታሰሳል። ለምን? እናቴን ጠይቄ፣ ከሳይንስ ትምህርታችንም ጨምሬ እንዲህ ጻፍኩላችሁ።

ሸክላ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። አዲስ ምጣድ ከገበያ እንደመጣ ቢጋገርበት ሊጡ እዚያ ውስጥ ይገባና እንጀራው ተጣብቆ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ ይሟሻል። ምጣዱ ቀስ እያለ ይጋላል፣ የተወቀጠ ጎመን ዘር ይነሰነስበታል፣ ከዚያ በማሰሻ ጨርቅ ይታሻል። ጠቁሮ እስኪያብረቀርቅ ይህ ይደጋገማል። የጎመን ዘሩ ዘይት በሙቀቱ ደርቆ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ጎመን ዘር ደግሞ እዚሁ አርሲ ይበቅላል!

ምጣዱ በሳሙና ከታጠበ ያ ሁሉ ልፋት ይበላሻል፤ ሸክላውም ሳሙናውን ይመጠዋል። የጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ካፈሰስንበት ደግሞ ውሃው የነካው ቦታ ቶሎ ይኮማተርና ምጣዱ ይሰነጠቃል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሆነማ የባሰ ነው፤ ውሃው ከሥር ወዳለው ሽቦ ይወርድና ኤሌክትሪክ ሊይዘን ይችላል።

እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ እናቶች አሉ። ምጣዳቸው ከተሰነጠቀ ሌላ እስኪገዛና እስኪሟሽ ድረስ ሥራ ይፈታሉ፤ ደብተርና እስክሪብቶ የሚገዛውም ከዚያው ገንዘብ ነው።

ስለዚህ ጓደኞቼ፣ ቤት ውስጥ ስናግዝ፣ ወንዶችም ጭምር፣ ምጣዱ ሲበርድ በደረቅ ጨርቅ ጠርገን በአክንባሎ እንክደነው። ውሃ ግን አናስነካው።