ጀርመንኛ በማስተማሩ 25 ዶላር የተቀጣው መምህር

ነገሩ የሆነው አሜሪካ፣ ነብራስካ ውስጥ ነው። ሃምፕተን አካባቢ የሰፈሩ ጀርመኖች ጽዮን የሚባል የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነበራቸው። ልጆቻቸው እዚያ የወላጆቻቸውን ቋንቋም ይማሩ ነበር።

አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣና ጀርመንኛ የጠላት ቋንቋ ተባለ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ እንኳ ጥላቻው አልበረደም። በ1919 (እ.ኤ.አ.) ነብራስካ ሕግ አወጣች፦ 8ኛ ክፍልን ላልጨረሰ ልጅ ከእንግሊዝኛ ውጪ ሌላ ቋንቋ ማስተማር ክልክል ነው!

በ1920 መምህር ሮበርት ሜየር አንድ የ10 ዓመት ልጅ በጀርመንኛ ማንበብ ሲያስተምር ተገኘ። 25 ዶላር ተቀጣ። ገንዘቡ ብዙ አይደለም፤ እሱ ግን ይግባኝ እያለ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ።

በ1923 ፍርድ ቤቱ 7 ለ 2 በሆነ ድምፅ ፈረደለት። መምህሩ ቋንቋውን የማስተማር፣ ወላጆችም ልጆቻቸውን የማስተማር መብት አላቸው፤ ጀርመንኛ ማወቅ በራሱ ማንንም አይጎዳም ተባለ።

ዛሬ አሜሪካ ያሉ ሀበሻ ወላጆች ቅዳሜና እሁድ ልጆቻቸውን አማርኛ ሲያስተምሩ የሚከለክላቸው የለም። ለዚህ የዚያ የ25 ዶላር ክርክር ድርሻ ቀላል አይደለም።