በሕፃን አንገት ላይ የወጣ እብጠት፦ ከመቁረጥ በፊት ማወቅ

እናት ልጇን ስታጥብ አንገቱ ላይ የማያመው ለስላሳ እብጠት ታገኛለች። አንዳንዴም በአንገቱ ጎን እርጥበት የማይለያት፣ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነጥብ ታያለች። በብዙ ቤት ቀድሞ የሚገመተው ንፍፊት ወይም እንቅርት ነው። ነገር ግን ከእነዚህ እብጠቶች አንዳንዶቹ የተጀመሩት ልጁ በማሕፀን ሳለ ነው።

ታይሮይድ ዕጢ የሚፈጠረው አሁን ባለበት ቦታ አይደለም። ከምላስ ሥር ተነስቶ ቁልቁል በመውረድ በፅንሱ 7ኛ ሳምንት ገደማ ቦታውን ይይዛል። የወረደበት ቀጭን ቱቦም እስከ 10ኛው ሳምንት ይከስማል። ሳይከስም ከቀረ ፈሳሽ ይቋጥርና አንገት መሃል ያብጣል። ይህ እብጠት ልጁ ሲውጥ ወይም ምላሱን ሲያወጣ ወደ ላይ ከፍ ይላል፤ ሐኪሞች ከሚለዩበት ምልክት አንዱም ይኸው ነው።

ቀድሞ ቀዶ ሐኪሞች ከረጢቱን ብቻ ያወጡ ስለነበር እብጠቱ ይመለስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1893 ጀርመናዊው ሽላንገ ሃዮይድ ከሚባለው ትንሽ የአንገት አጥንት መካከለኛውን ክፍል አብሮ ማውጣት ጀመረ። የማዮ ክሊኒኩ ዋልተር ሲስትራንክ ደግሞ በ1920 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ከአጥንቱ በላይ እስከ ምላስ ሥር ያለው የቱቦው መንገድ በዙሪያው ካለው ሥጋ ጋር መውጣት እንዳለበት አሳየ። ከረጢቱ ብቻ ሲወጣ እብጠቱ እስከ ግማሽ በሚደርሱት ልጆች ላይ ሊመለስ ይችላል። በሲስትራንክ ዘዴ ግን የሚመለሰው በአብዛኛው ከ10 በመቶ በታች ነው።

ከቀዶ ጥገናው በፊት ግን አልትራሳውንድ ያስፈልጋል። በጥቂት ልጆች ላይ እብጠቱ ራሱ ያላቸው ብቸኛ የታይሮይድ ዕጢ ሆኖ ይገኛል። ይህ ሳይታወቅ ከወጣ ልጁ ዕድሜ ልኩን የሆርሞን ክኒን ይውጣል።

በአንገት ጎን የምትታየው ቀዳዳም እንደ ቀላል የቆዳ ቁስል መታየት የለባትም። መንገዷ ብዙውን ጊዜ በሁለቱ የካሮቲድ ደም ቅዳ ቅርንጫፎች መካከል አልፎ ወደ ቶንሲል ይዘልቃል። ስለዚህ ካመረቀዘች መጀመሪያ በመድኃኒት ተረጋግታ፣ ቀዶ ጥገናው ከዚያ በኋላ ይደረጋል።

ሌላው ዓይነት ከሊምፍ ቱቦዎች የሚነሳ ውሃ ያዘለ እብጠት ነው፤ ባትሪ ሲበራበት ብርሃን ያሳልፋል። ግማሽ ያህሉ ልጁ ሲወለድ፣ 90 በመቶ ያህሉ ደግሞ 2 ዓመት እስኪሞላው ይታያል። በነርቮችና በደም ሥሮች መካከል ስለሚሰራጭ አንዳንዱ የሚታከመው በቢላዋ ሳይሆን እንደ ብሊዮማይሲን ያለ መድኃኒት ወደ ውስጡ በመውጋት ነው። አየር ቧንቧን የሚጫን ከሆነ ግን ጊዜ አይሰጥም።

ከእነዚህ እብጠቶች ሌላ፣ አንገቱ ወደ አንድ ጎን የተጣመመ ሕፃንም አለ፤ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የአንገት ጡንቻ ማጠር ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት በባለሙያ የሚመራ የማፍታታት ሕክምና ከተጀመረለት በአብዛኛው ቀዶ ጥገና አያስፈልገውም።

በኢትዮጵያ የዕጢ ቲቢም እንቅርትም ስለሚያጋጥም መለየቱ ይከብዳል። የሕፃናት ቀዶ ሐኪሞችም ጥቂት ናቸው፤ የሚገኙትም በአብዛኛው እንደ ጥቁር አንበሳ ባሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች ነው። ቢሆንም ጤና ጣቢያው እብጠቱን ሳይበጣ ዳስሶ ወደ አልትራሳውንድ መላክ ይችላል። ወላጆችም እብጠቱን አያስተኩሱ፣ አያስበጡ፣ አይጭመቁ። ልጁ ለመተንፈስ ወይም ለመጥባት ከተቸገረ ደግሞ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።