ባዩሜ መሐመድ ሑሴን፦ ከአስካሪነት ወደ በርሊን ፊልም

ባዩሜ መሐመድ ሑሴን እ.ኤ.አ. በ1904 ዳሬሰላም ውስጥ ተወለደ። የልጅነት ስሙ ማህጁብ ቢን አደም መሐመድ ነው። ዳሬሰላም ያን ጊዜ የጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ ዋና ከተማ ስትሆን፣ አባቱ በቅኝ ገዢው ጦር ውስጥ አስካሪ ነበር፤ ኤፈንዲ እስከሚባለው ማዕረግ ደርሷል። ጥቁር ወታደር ከዚያ በላይ የሚወጣበት ደረጃ አልነበረም።

በምሥራቅ ሱዳን፣ በኸሽም ኤል ቂርባ፣ በካሰላና በገዳሪፍ አስካሪ ሲባል ወዲያው የሚታሰበው ከጣሊያን ጋር የተሰለፈው ወታደር ነው። የጀርመኖቹ አስካሪዎች ግን ለሱዳን ከዚያ የማይተናነስ ቅርበት ነበራቸው። ጀርመናዊው መኮንን ሄርማን ፎን ቪስማን ጦሩን ያቋቋመው በ1889፣ አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ በወደቁበት ዓመት ነው። ለጦሩ አከርካሪ የሆኑትን ሰዎች የመለመለው ካይሮ ላይ ነበር፤ የማህዲ ኃይል ሱዳንን ከያዘ በኋላ ከግብፅ ጦር የተበተኑ ሱዳናውያን ናቸው።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ሑሴን የ10 ዓመት ልጅ ነበር። በጦሩ ውስጥ የምልክት ተማሪ ሆኖ ገባ፤ ሥራው በጦር ክፍሎች መካከል መልእክት ማስተላለፍን መማርና መሥራት ነው። በጥቅምት 1917 ማሂዋ ላይ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ግንባር እጅግ ብዙ ደም ከፈሰሰባቸው ውጊያዎች በአንዱ ቆሰለ፤ በእንግሊዞችም እጅ ወደቀ።

ከጦርነቱ በኋላ በመርከብ ላይ በአስተናጋጅነት ሠራ። በ1929 በርሊን ሲገባ የራሱንና የአባቱን ውዝፍ የጦርነት ደመወዝ ለመጠየቅ ነበር። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ጊዜው አልፏል ብሎ መለሰው። እሱ ግን እዚያው ቀረ፤ «ሃውስ ፋተርላንድ» በተባለው ታላቅ የመዝናኛ ቤት አስተናጋጅ ሆነ፣ በዩኒቨርሲቲውም ስዋሂሊ በማስተማር ረዳ። በጥር 1933፣ ሂትለር ሥልጣን ከመያዙ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ጀርመናዊት አገባ።

የፊልም ሥራው የተጀመረው በ1934 ነው፤ ስለ እሱ ከሚነገረው ሁሉ ይልቅ በደንብ ሊታይ የሚገባውም ይህ የመጀመሪያው ፊልም ነው። በሄርበርት ዜልፒን የተዘጋጀው «የጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ ፈረሰኞች» የ1914ቱን ጦርነት በቅኝ ግዛቱ ካሉ ጀርመናውያን ዓይን ይተርካል። ለሑሴን የተሰጠው ሙስጠፋ የሚባል የምልክት ተማሪ ሆኖ መጫወት ነበር። ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ቆስሎና ተማርኮ ያለፈ ሰው፣ በ10 ዓመቱ በእውነት የሠራውን ሥራ በካሜራ ፊት እንደገና እንዲሠራ ታዘዘ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ለግንባር ተዋጊዎች የሚሰጠው ኒሻን እንዲሰጠው አመለከተ፤ ተከለከለ። ኒሻኑ በመላው ጀርመን በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ሰዎች ሲታደል ለእሱ አልተረፈም። ከዚያ በኋላ ቅኝ ግዛቱ እንዲመለስ በሚናፍቁ ጀርመናውያን ስብሰባዎች በደረቱ ላይ የሚታየው ኒሻን ከነጋዴ የተገዛ ሳይሆን አይቀርም።

እነዚህን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ያላደረገ ሰው ሑሴንን አያውቀውም። ሲኒማው የልጅ ወታደርነቱን ተቀብሎ ገንዘብ አተረፈበት፤ መንግሥት ግን ወታደርነቱን ደመወዝ ሲጠየቅም፣ ኒሻን ሲጠየቅም ካደው። ፊልሙ ራሱም ብዙ አልቆየም። በ1939 ጦርነት ሲነሣ በቂ ፀረ-እንግሊዝ አይደለም ተብሎ ታገደ፤ ከ1945 በኋላ ደግሞ አሸናፊዎቹ የጦርነት መንፈስ አለበት ብለው አገዱት።

የደንብ ልብስ የለበሰበትን ፎቶግራፍ እያነሡ «ናዚዎች ጥቁሮችን ያከብሩ ነበር» የሚሉ አሉ። ይህን የሚሉ ሰዎች ፎቶው ሲነሣ ማን ምን እንደከለከለው ለመጠየቅ አልደከሙም። እሱ ቅኝ ግዛቱ ይመለስ ከሚሉት ጋር መቆሙ እውነት ነው፤ ሊሸፈንም አይገባም። ነገር ግን ለጥቁር ሰው በርሊን ውስጥ መኖሪያና እንጀራ የሚያስገኘው በር እየጠበበ ሲሄድ፣ የታማኝ አስካሪነት ታሪኩ በእጁ ከቀሩት ጥቂት መከራከሪያዎች አንዱ ነበር። በ1935 የአስተናጋጅነት ሥራውን አጣ። የአፍሪካ ትርዒት እየተባለ ከከተማ ከተማ በሚዞረው ቡድን ውስጥም ሠራ።

ሌላው ስሕተት ሑሴንን አጃቢ ብቻ አድርጎ ማለፍ ነው። እስከ 1941 ድረስ ከ20 በላይ ፊልሞች ላይ ታይቷል። አብዛኞቹ አሽከር፣ አስተናጋጅ ወይም ተሸካሚ የሚሆንባቸው አጫጭር ትዕይንቶች ናቸው፤ ስሙ በብዙዎቹ መግለጫ ላይ አልተጻፈም። ዛራ ሊአንደር በተወነችበት በ1937ቱ «ወደ አዲስ ዳርቻዎች» ውስጥም አለ። ሥራው ግን የማያቋርጥ ነበር፤ አዘጋጆቹም ደጋግመው ጠርተውታል።

ትልቁ ሚናው በ1941 የወጣው «ካርል ፔተርስ» ነው። አዘጋጁ እንደገና ዜልፒን፣ ዋናው ተዋናይ ሃንስ አልበርስ ነበር፤ ሑሴን የፔተርስን ታማኝ አገልጋይ ራማሳንን ይጫወታል። እውነተኛው ፔተርስ ጀርመናዊ የቅኝ ግዛት አስፋፊ ሲሆን፣ በምሥራቅ አፍሪካ «ደም ያለበት እጅ» የተባለ ሰው ነበር፤ በኪሊማንጃሮ አካባቢ ማብሩክ የተባለ አገልጋዩን ሰቅሎ ገድሏል፣ በ1897ም በዚህ ዓይነት ጭካኔው ከመንግሥት ሥራ ተባሯል። ፊልሙ ይህን ሰው ጀግና አድርጎ አቀረበው። ከፈረንሳይ ጋር ተሰልፈው የተማረኩ አፍሪካውያን ወታደሮችም በአጃቢነት እንዲሠሩበት ተደረገ።

ጊዜውን ከሱዳንና ከኢትዮጵያ ድንበር አካባቢ ታሪክ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። በሐምሌ 1940 የጣሊያን ጦር አስካሪዎቹን አሰልፎ ካሰላንና ገላባትን ይዞ ነበር። ፊልሙ በመጋቢት 1941 ሲመረቅ ካሰላ ነፃ ከወጣች ወራት አልፈዋል፤ አፄ ኃይለ ሥላሴም በኦሜድላ በኩል ድንበሩን ተሻግረው ወደ አዲስ አበባ እየገሠገሡ ነበር። በርሊን በሸራ ላይ የአፍሪካን ግዛት ስታስመልስ፣ በምድር ላይ የአጋሯ ግዛት እየፈረሰ ነበር።

ፊልሙ ከወጣ ጥቂት ወራት በኋላ፣ በነሐሴ 1941፣ የናዚዎቹ ምስጢራዊ ፖሊስ ጌስታፖ ሑሴንን ያዘው። ክሱ ከነጭ ሴት ጋር ግንኙነት በማድረግ «ዘር አርክሷል» የሚል ነው። ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ከበርሊን በስተሰሜን ወዳለው ዛክሰንሃውዘን የማጎሪያ ካምፕ ተላከ። ዜልፒንም በ1942 ሌላ ፊልም እየሠራ ሳለ ስለ መኮንኖች በተናገረው ነገር ታስሮ በእስር ክፍሉ ሞቶ ተገኘ። ሑሴን በካምፑ ከሦስት ዓመት በላይ ቆይቶ ኅዳር 24 ቀን 1944 አረፈ።

በ2007 ማሪያነ ቤክሃውስ-ጌርስት የሕይወት ታሪኩን በመጽሐፍ አሳተመች፤ በርሊን ውስጥ በኖረበት በብሩነን ጎዳናም በእግረኛ መንገዱ ላይ ስሙ የተቀረጸበት የመታሰቢያ ድንጋይ ተተከለለት። በ2013 ኤቫ ክኖፕ «የማጁብ ጉዞ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ሠራች። ከየፊልሙ ጥግ የእሱን ትዕይንቶች ለቅማ ያዋደደችው በመሆኑ፣ ሑሴንን በሥራው ላይ ለማየት የሚፈልግ ተመልካች ከዚህ ፊልም ቢጀምር ይሻላል።