ያውቁ ኖሯል? ያለ ክፍያ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ስንት ያስወጣል?

(ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በጀርመን አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከአዲስ አበባ የሄደውን ተማሪ በርሊን ከተወለደው እኩል፣ ያለ ትምህርት ክፍያ እንደሚያስተምሩ ያውቁ ኖሯል? ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ከ2005 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ውሳኔ በኋላ ሰባት ክፍላተ ሀገር ማስከፈል ጀምረው ነበር። ተማሪው አደባባይ ወጥቶ ተቃወመ፤ ክፍያውም በየተራ ተሻረ። የመጨረሻዋ ኒደርዛክሰን በ2014 ተወችው።

ሃይደልበርግና ሽቱትጋርት የሚገኙበት ባደን ቩርተምበርግ ግን ከ2017 ወዲህ አፍሪካዊውን ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲም በ2024 ጀምሯል፤ ማስተርሱ በሴሚስተር 4,000 ወይም 6,000 ዩሮ ነው። ስለዚህ «ጀርመን ነፃ ነው» ሲባሉ የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሆነ ይጠይቁ።

ከባዱ ወጪ ክፍል ከመግባት በፊት እንደሚመጣስ ያውቁ ኖሯል? ቪዛ ጠያቂው የዓመት መኖሪያውን 11,904 ዩሮ በዝግ ሂሳብ ማስቀመጥ ይጠበቅበታል፤ እዚያ ሲደርስ በወር 992 ዩሮ እየተለቀቀለት ይኖርበታል። ገንዘቡ የራሱ ነው፤ ችግሩ በአንድ ጊዜ መገኘቱ ላይ ነው። በሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ጀርመን ደግሞ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ መጠኑን ከ11,208 ዩሮ ወደ አሁኑ ከፍ አደረገችው። ለፍቶ የመግቢያ ደብዳቤ ያገኘ ልጅ በዚህ ብቻ ሲቀር ያንገበግባል።

መውጫው ነፃ የትምህርት ዕድል ወይም ዋስ ነው። ጀርመን የሚኖር ዘመድ በውጭ ዜጎች ቢሮ ቀርቦ ወጪውን ለመሸፈን መፈረም ይችላል። ፊርማው ግን በሕግ ያስይዛል፤ ተማሪው የመንግሥት ድጎማ ከተቀበለ ሂሳቡ የሚመጣው ለፈራሚው ነው። አክስትዎን ከመለመንዎ በፊት ይህን በግልጽ ይንገሯቸው።

ስካንዲኔቪያ ነፃ ነው የሚለው ወሬ እንዳረጀስ? ዴንማርክ በ2006፣ ስዊድን በ2011፣ ፊንላንድ በ2017፣ ኖርዌይ በ2023 ከአውሮፓ ውጭ የመጡትን ማስከፈል ጀምረዋል። ኦስትሪያ ደግሞ ከእነዚህ ተማሪዎች በአብዛኛው በሴሚስተር 726.72 ዩሮ ትጠይቃለች።

ጣሊያን ብዙም አይወራላትም፤ ሊወራላት ግን ይገባል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿ ክፍያውን የሚተምኑት በቤተሰብ ገቢ ነው። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ተማሪ ከክፍያ ነፃ ሊሆን፣ ከክልሉም የኑሮ ድጎማ ሊያገኝ ይችላል። ለዚህ የወላጆች የገቢና የንብረት ማስረጃ ተተርጉሞና ተረጋግጦ መቅረብ አለበት፤ ወረቀቱ ጊዜ ይበላልና ቀድመው ይጀምሩ።

ወደ ጀርመን ስንመለስ፣ እዚያ የውጭ ተማሪ ከ2024 ወዲህ በዓመት 140 ሙሉ ቀናት መሥራት ይፈቀድለታል፤ ቀድሞ 120 ነበር። ሲመረቅ ደግሞ በሙያው ሥራ የሚፈልግበት እስከ 18 ወር የሚደርስ የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል።