ቡናው በጀበና፣ ሰነዱ በገዛ ፕሮግራሙ

ሚዛን ተፈሪ ላይ ቡና ቀርቦልን ስንጨዋወት፣ አንዲት የቡና ነጋዴ እናት የቤታቸውን ጉድ አጫወቱን። ሴት ልጃቸው የሥራ ማመልከቻ ቅጽ ድረ ገጽ ላይ እንደተከፈተ ስትሞላ አመሸች። መብራት ጠፍቶ ኮምፒዩተሩ ተዘጋ። ጧት ስትከፍተው ቅጹ ባዶ ነበር። ማመልከቻ ለማስገባት የቀረው አንድ ቀን ብቻ ነው። እናትየዋ «ሰነፍ!» ብለው ተቆጧት። ጉድለቱ ግን የስንፍና አልነበረም።

እናቶች! ቡና በምጣድ ይቆላል፤ በሙቀጫ ይወቀጣል፤ በጀበና ይፈላል። ሰነድም እንዲሁ የየራሱ ዕቃ አለው። ድረ ገጽ የምናይበት ፕሮግራም፣ ማለትም ብራውዘር፣ ሰነዱን ያሳየናል እንጂ የጻፍንበትን ሁልጊዜ አያስቀምጥልንም።

ስለዚህ በመጀመሪያ ሰነዱን ወደ ኮምፒዩተሩ ወይም ወደ ስልኩ ማውረድ ይገባል። ቀጥሎ የስሙን መጨረሻ መመልከት ነው። «ፒዲኤፍ» የሚል ከሆነ፣ አዶቢ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው ዓይነት ነውና በፒዲኤፍ ማንበቢያ ይከፈታል። «ዶክኤክስ» የሚለው በወርድ፣ «ኤክስኤልኤስኤክስ» የሚለው በኤክሴል ይከፈታል። እነዚህን ለመግዛት አቅም ለሌለው ቤተሰብ ሊብሬኦፊስ የሚባለው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። በየመሐሉ እያስቀመጡ መጻፍ፣ ከመላክም በፊት ዘግቶ እንደገና ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ የወረደ ሰነድ ኔትዎርክ ቢጠፋም ይነበባል። ይህም መስመር በሚቆራረጥበት አካባቢ ትልቅ ዕረፍት ነው።

ታዲያ ድረ ገጹ ራሱ ፕሮግራሙን ለምን አይከፍትልንም? የሚል ጥያቄ ይነሳ ይሆናል። እንግዳ ሳሎን ይስተናገዳል እንጂ ሳይፈቀድለት ጓዳ አይገባም። ድረ ገጽም የቤታችንን ፕሮግራም እንዳሻው ቢከፍት ተንኮለኛው ጉዳት ያደርስብን ነበር። ብራውዘሩ «ልክፈተው ወይ?» ብሎ የሚጠይቀን ለዚህ ነው። የላከውን ካላወቅን መልሳችን «አይሆንም» ይሁን። በተለይ መጨረሻው «ኤፒኬ» የሆነ ሰነድ አይደለም፤ ስልክ ውስጥ የሚተከል ፕሮግራም ነው። ልጆች እንዳይነኩት እንምከራቸው።

ያቺ ወጣት ቅጹን አውርዳ፣ በገዛ ፕሮግራሙ ከፍታ፣ እያስቀመጠች እንደገና ሞላችው። ቀኑ ሳይመሽም ላከችው። እናትየዋም ቁጣቸውን ትተው ሁለተኛውን ቡና ቀዱላት።