ብሬከሩ ላይ 240 ስለተጻፈ 220ን ይችላል ማለት ነው?

ከአሜሪካ ወደ አገር ቤት ዕቃ የሚልኩ ወዳጆቼ ደጋግመው ይጠይቁኛል፤ «ለቤተሰብ የተገዛው ጄኔሬተር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ብሬከሩን ከዚህ ብልክስ? 240 ይላል እኮ!» ሒሳቡ ልክ ይመስላል። እኔ ሙያዬ ሶፍትዌር ስለሆነ በኛው ቋንቋ ላስረዳ፦ ሁለቱም ቁጥር ናቸው፣ ዳታ ታይፓቸው ግን አንድ አይደለም።

የአሜሪካ ቤት ውስጥ ሁለት መስመር ይገባል። እያንዳንዱ ከመሬት ጋር ሲለካ 120 ቮልት ነው፤ ሁለቱ እርስ በርስ ሲለኩ 240 ይሰጣሉ። ብዙ የቤት ብሬከሮች ላይ «120/240» ተብሎ የሚጻፈው ለዚህ ነው። ትንሹ ቁጥር አንድ መስመር ከመሬት ጋር ሊኖረው የሚችለው ጣሪያ ነው፤ ትልቁ ደግሞ በሁለት መስመሮች መካከል ያለው። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን አንዱ ፌዝ ብቻውን 220 ቮልት ነው፤ በሦስት ፌዝ ደግሞ በፌዞቹ መካከል 380 ነው። ስለዚህ ለ120 በተሠራ ብሬከር ላይ 220 እየጫንን ነው።

ችግሩ ቶሎ አይታይም። መብራቱ ይበራል፣ ፍሪጁም ይሠራል። ፈተናው የሚመጣው ሽቦ ከሽቦ ተነካክቶ ሾርት ሲፈጠር ነው። ብሬከሩ ሲቆርጥ በሚለያዩት ብረቶች መካከል አርክ የሚባል የኤሌክትሪክ እሳት ይነሳል፤ ቮልቴጁ በጨመረ ቁጥር ይህን እሳት ማጥፋት ይከብዳል። ብሬከሩ ካላጠፋው ራሱ ሊቀልጥ፣ ቤትም ሊያቃጥል ይችላል። ቴስት አልፎ ፕሮዳክሽን ላይ እንደሚወድቅ ኮድ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን አረጋግጡ፦

1. የጄኔሬተሩ ሰሌዳ ላይ ቮልቱን፣ ኸርዙንና የፌዙን ብዛት አንብቡ።

2. ብሬከሩ ላይ ትንሹ ቁጥር ከ220፣ ትልቁ ከ380 እንዳያንስ። «230/400» የሚለው ለአገር ቤት ይሆናል።

3. «690» የሚል ትልቅ ቁጥር ብታዩ አትቸኩሉ። የኢንሱሌሽን ቮልቴጅ ሊሆን ይችላል። እሱ የሚናገረው ስለ መከላከያው ጥንካሬ ነው፤ ብሬከሩ በዚያ ቮልቴጅ አርክ ያጠፋል ማለት አይደለም። የምትፈልጉት የሥራ ቮልቴጁን ነው።

4. በኪሎአምፔር የተጻፈው የመቁረጥ አቅም በስንት ቮልት እንደሆነ እዩ። ያው ብሬከር ቮልቴጁ ሲጨምር አቅሙ ሊቀንስ ይችላል።

5. ከፍታውን አትርሱ። መደበኛ ብሬከሮች የሚሰሉት እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው፤ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። አየር ሲሳሳ አርክ ማጥፋትም ሙቀት ማስወጣትም ስለሚከብድ፣ አምራቹ ለከፍታ ያወጣውን የቅነሳ ሰንጠረዥ ተመልከቱ።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የሁለቱንም ሰሌዳ ፎቶ አንስታችሁ ዕቃውን ለሚገጥመው ኤሌክትሪሺያን ላኩለት። አምፔሩንና የሽቦውን ውፍረት እሱ ያሰላዋል፤ እናንተ ቮልቴጁን አጣርታችሁ ከጠበቃችሁት ግን የማይሆን ዕቃ ውቅያኖስ አያቋርጥም።