ጥይት የማይጠይቀው ሰይፍ

ፎልአውት 4 የተባለው ቪዲዮ ጌም የሚካሄደው እ.ኤ.አ. በ2287፣ በፈራረሰችው ቦስተን ነው። አሜሪካና ቻይና በነዳጅ ሰበብ ሲዋጉ ከርመው በ2077 ዓለምን በኑክሌር ካነደዷት 210 ዓመት አልፏል። ከእሳቱ የተረፈው ሰው ሁሉን ቢያጣም መሣሪያ አላጣም። ሽፍታው የሌዘር ጠመንጃ ያነግታል፤ ሮቦቱ ከግንባሩ ጨረር ይተፋል፤ ፋት ማን የሚሉት ማስወንጨፊያ ደግሞ ትከሻ ላይ ተደግፎ ትንሽ የኑክሌር ቦምብ ይወረውራል። እንዲህ ባለ አገር ሰይፍ ታጥቆ መዞር እብደት ይመስላል። ሆኖም ጌሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በስለት ብቻ የሚወጡ ተጫዋቾች ጥቂት አይደሉም፤ የሚያደርጉትም ለጉራ ብቻ አይደለም።

አንዱ ምክንያት ሸክም ነው። ፋት ማን ባዶውን ከ30 ፓውንድ በላይ ይመዝናል፤ ሰይፍ 3 ፓውንድ ነው። የጌሙ ሠሪ ቤተስዳ ኩባንያ በ2016 አሻሽሎ ባወጣው ሰርቫይቫል በተባለው አስቸጋሪ ደረጃ ላይ ደግሞ ጥይቱም ይመዝናል። እዚያ ጨዋታውን ማስቀመጥ የሚቻለው አልጋ አግኝተው ሲተኙ ብቻ ነው፣ ረሃብና ጥም አለ፣ ካርታ ላይ ነክቶ በአንዴ ሩቅ ቦታ መድረስ የለም። ጀርባው በጥይት የጎበጠ ሰው የውሃ መያዣ ቦታ ያጣል። ሰይፈኛው ግን ሌሎች የጣሉትን ጥይት እየለቀመ ይሸጣል እንጂ አይገዛም። በዚያ ላይ ስለቱ አይዶለዱምም። በ2008 በወጣው ፎልአውት 3 እና በ2010 በወጣው ኒው ቬጋስ መሣሪያ እያረጀ ስለሚሄድ በየጊዜው መጠገን ነበረበት፤ በፎልአውት 4 ይህ ቀርቷል። እኔ በበኩሌ የዝገት ሐሳብ የሌለበት የምጽዓት ማግስት ትንሽ ይጎረብጠኛል፤ ለሰይፈኛው ግን ተመችቶታል።

ታዲያ ሰይፍ ነፃ አይደለም። ዋጋው ርቀት ነው። ጠላት በጠመንጃ እየተኮሰ ሳለ እስከ አፍንጫው መድረስ ያስፈልጋል፤ በመሀል ያለችው እያንዳንዷ እርምጃ ደም ታስከፍላለች። ጌሙ ለሰይፈኛ ያዘጋጀው ነገር ሁሉ ይህን ዕዳ የሚያቃልል ነው። የጉልበት ነጥብ በአንድ ባደገ ቁጥር የስለት ጉዳት በ10 ከመቶ ይጨምራል። ቢግ ሊግስ የተባለው ክህሎት አምስት ደረጃ አለው፤ ደረጃው ከፍ ሲል አንድ ምት ከፊት የቆሙትን ሁሉ ይመታል፣ አምስተኛው ላይ ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል። ኒንጃ የተባለውን ክህሎት እስከ ጥግ ያሳደገ ሰው ደግሞ ሳይታይ ከኋላ ደርሶ ሲሰነዝር ምቱ አሥር እጥፍ ይከብዳል።

ጨዋታውን ከሥሩ የሚለውጠው ግን ብሊትዝ የተባለው ክህሎት ነው። ቫትስ የሚባለው ሥርዓት ጊዜውን አዘግይቶ ዒላማ ያስመርጣል፤ ለእያንዳንዱ ምትም ከተጫዋቹ የተግባር ነጥብ ይቀንሳል። ብሊትዝ ያለው ሰይፈኛ በቫትስ ሩቅ የቆመውን ተኳሽ ሲመርጥ መሀል ያለው መሬት እንደሌለ ይሆናል፤ በቅጽበት አጠገቡ ተገኝቶ ይመታዋል። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ደግሞ ጠላቱ በራቀ መጠን ምቱ ይጠነክራል። ዕዳ የነበረው ርቀት ትርፍ ሆነ ማለት ነው! ብሊትዝ የቅልጥፍና ነጥብ 9 መድረስን ስለሚጠይቅ ለጀማሪ አይደርስም፤ እስከዚያ ድረስ በግድግዳ ጥግ እየተደበቁ መጠበቅ ነው።

ሰይፎቹ ከየት መጡ የሚለው ደግሞ ከውጊያው የበለጠ ይጥማል። የቻይና መኮንኖች ሰይፍ የ2077ቱ ጦርነት ትራፊ ነው፤ በጌሙ የቦስተን ወደብ ውስጥ ዛሬም የሰመጠ የቻይና ሰርጓጅ መርከብ አለ፣ ካፒቴኑም በጨረር ቆዳው ተልጦ፣ ጉል የሚባል ፍጥረት ሆኖ 210 ዓመት ሙሉ በሕይወት ቆይቷል። ከሁሉ የሚያስቀው የጄኔራል ቻው በቀል የሚባለው ሰይፍ ነው። ሮቦትን ከሌላው 50 ከመቶ አብልጦ ይጎዳል፤ የምትሸጠው ደግሞ በመንገድ ዳር ምግብ ቤት ተቀምጣ የልጇን የሱስ ዕዳ ሊያስከፍሉ ከመጡ ሰዎች ጋር የተፋጠጠች ትሩዲ የምትባል አሜሪካዊት ናት።

ሌላው የሼም ድራውን ጎራዴ ነው፤ ሼም ድራውን ደግሞ እውነተኛ ሰው ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በቦስተን የኖረ የመዳብ አንጥረኛ ሲሆን፣ በፋኒል አዳራሽ ጣሪያ ላይ ነፋስ የሚጠቁመውን በወርቅ የተለበጠ የመዳብ ፌንጣ በ1742 የሠራው እሱ ነው። ፌንጣው ዛሬም እዚያው አለ። ጌሙ ይህን ታሪክ ወስዶ አዳራሹን ሱፐር ሙታንት በሚባሉ ግዙፍ ፍጥረታት አስወረረው። ተጫዋቹ እነሱን አልፎ ጣሪያው ላይ ይወጣል፣ ከፌንጣው ሆድ ወረቀት ያወጣል፣ ወረቀቱ ወደ መካነ መቃብር ይመራዋል፣ የድራውንን መቃብር ቆፍሮም ጎራዴ ያገኛል። ፀሐፊዎቹ ወረቀቱን እንዲሁ ከራሳቸው አላፈለቁትም፤ የድራውን ልጅ ቶማስ እውነተኛው ፌንጣ ውስጥ ጽሑፍ አኑሮ ነበር። ጎራዴው በየምቱ የጨረር ጉዳት ይጨምራል። ጨረር ግን በጉሎችና በሮቦቶች ላይ አይሠራም፤ በዚች ከተማ ደግሞ የሚበዙት እነሱ ናቸው። አንጥረኛው ለሌላ ዘመን ጠላት የሠራው ይመስላል።

ሺሽ ከባብ በምግብ ስም የሚጠራ የእሳት ሰይፍ ነው። በፎልአውት 3 ተጫዋቹ ራሱ ይገጣጥመዋል፦ የሣር ማጨጃ ስለት፣ የሞተር ሳይክል ነዳጅ ታንክና የእጅ ፍሬን፣ አንድ ማቀጣጠያ። ጋዙ በስለቱ ላይ ይሮጥና ይነድዳል። ከጌሙ ዕቃ ሁሉ የዓለሙን ጠባይ ይህን ያህል የሚናገር የለም፤ ቆሻሻ ተለቅሞ፣ ተበይዶ፣ አስፈሪ ሆነ። ፎልአውት 4 ላይ ዝግጁ ሆኖ ይገኛል፣ ግን በደም ነው። አብርሃም ፊንች የተባለው ገበሬ ልጁ የቤተሰቡን ሰይፍ ይዞ ከሽፍቶች ጋር ወደ ሶገስ የብረት ማቅለጫ ገብቶበታል። ሶገስም እውነተኛ ቦታ ነው፤ ከ1646 ጀምሮ ብረት የቀለጠበት፣ ዛሬ በመንግሥት የሚጠበቅ ታሪካዊ ስፍራ። በጌሙ ምድጃው እንደገና ነዷል፤ ልጁም ታማኝነቱን እንዲያረጋግጥ እስረኛ ግደል እየተባለ ነው። ተጫዋቹ እንደ ንግግር ችሎታው ልጁን ሊያስመልስም፣ ሊገድለውም ይችላል።

ይህን ሁሉ የያዘም ቢሆን የማይሞክራቸው ነገሮች አሉ። ከላይ የሚያንዣብብ ቨርቲበርድ የተባለ በራሪ ማሽን በሰይፍ አይደረስበትም፤ ጣሪያ ላይ የተሰቀለ አውቶማቲክ መትረየስም እንዲሁ። ከሁሉ የከፋው ሱሳይደር የሚሉት ሱፐር ሙታንት ነው፦ አንዲት ትንሽ የኑክሌር ቦምብ በእጁ ጨብጦ፣ ቢፕ ቢፕ የሚለው ድምፅ እየፈጠነ፣ ራሱ ወደ ሰይፈኛው ይሮጣል። ለዚህ ሲባል ልምድ ያለው ሰይፈኛ ወገቡ ላይ አንድ ሽጉጥ አያጣም። የሚተኩሰው ቦምቡን በያዘው እጅ ላይ ነው፤ ያውም ገና ሩቅ ሳለ።